ቆራሌው የወሰደው አዋጅ

ክረምት ነው፤ ደሴ። የጦሳ ጉም መስኮታችን ላይ ተለጥፎ በቀን መብራት ያበራንበት ሳምንት ለቤተ መጻሕፍታችን አሥራ አራት ካርቶን የወጣቶች መጽሐፍ በስጦታ መጣ። አብዛኛው ስለጠፉ ሥልጣኔዎች ነው፦ ጫካ የዋጠው ቤተ መንግሥት፣ የሚያነበው የጠፋ ጽሑፍ፣ ካርታ የያዘ ልጅ። መደርደሪያው ግን ሞልቷል። አለቃዬ "የማይነበበውን አውጣና ቦታ ፍጠር" አለኝ።

ዓይኔ ከበር ጀርባ ባሉት ጥራዞች ላይ አረፈ። የመንግሥት ሕግ የሚታወጅበት ነጋሪት ጋዜጣ፤ ከንጉሡ ጊዜ እስከ ደርግ። የውሰት መዝገቡን ባየው ለስድስት ዓመት የነካቸው የለም። የተሻረ ሕግ ለማን ይረባል ብዬ ዘጠኝ ጆንያ ሞላሁና ቆራሌው እስኪመጣ ኮሪደር ላይ አቆምኩት።

ከአዲሶቹ መጻሕፍት የማይላቀቅ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጆንያው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አንዱን ጥራዝ ስቦ አውጥቷል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንደ ድንጋዩ ነው።"

"የቱ ድንጋይ?"

ገጹን አሳየኝ። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ፣ አንቀጽ ለአንቀጽ ጎን ለጎን። የሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ ጀግናው የጠፋውን ፊደል የሚፈታው ሁለት ቋንቋ ከተቀረጸበት ድንጋይ ነው። ይሄ ነገር እውነተኛ አባት እንዳለው ነገርኩት፦ እ.ኤ.አ. በ1799 ግብፅ፣ ራሺድ የተገኘው ድንጋይ፤ የተጻፈበትም የካህናት ድንጋጌ ነው። የባቢሎኑን ንጉሥ የሐሙራቢን 282 ሕጎችም ጨመርኩለት፤ ኢዛና አክሱም ላይ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ ማስቀረጹንም። ሰው ሁሉ ወርቅ ሲፈልግ ከአፈር የሚወጣው አዋጅ ነው ብዬ ተመጻደቅኩ። ከዚያ ጆንያውን መልሼ አሰርኩት። እስካሁን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናት ከማመልከቻ ጸሐፊ ጋር መጡ።

"አብሽር ልጄ፣ አላደክምህም፤ አንዲት አዋጅ ናት።"

የፈለጉት አዋጅ ቁጥር 47/1967ን ነው፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን። ጸሐፊው ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ደብዝዞ ሁለተኛው ገጽ አይነበብም። የአባታቸው ቤት በአዋጁ መሠረት ተወረሰ ወይስ ከአዋጅ ውጭ ተወሰደ? ክርክራቸው በሙሉ እዚህ ላይ ነው የቆመው። እኔ የተሻረና ያልተሻረ ብዬ ስለይ፣ ለካ ያኔ የተፈጸመ ነገር ዛሬም የሚመዘነው በያኔው ሕግ ኖሯል።

"ነበረን" አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈሩ ነው፤ በዚያ ጉልበታቸው።

ሸዋ በር ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ጋ እርድ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚለው በቢጫ ጣት ተሰምሮበታል። ባለሱቁን የተቀረው የታለ ብለው "ሽንኩርት ገዝተህ ነው የምትጠይቀኝ?" አለኝ።

በማግስቱ ልጁ አንድ ወፍራም ጥራዝ ታቅፎ መጣ። ከቆራሌው በሃያ ብር ገዝቶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ 3367 አንቀጽ። ስለተቀበረ ሀብት የሚያወራው ገጽ ላይ የመጥረጊያ ስንጥር ሰክቷል። ሀብት ፍለጋ ገብቶ ሕግ ውስጥ ጠፋ እንጂ!

"ጋሼ፣ መሬቱ የመንግሥት ከሆነ ያገኘሁት ወርቅ የማነው?"

የቅርስ አዋጁን፣ ቁጥር 209/1992ን፣ አወጣሁለት፤ እሱ በአዲሶቹ መደርደሪያ ስለነበረ ከእጄ ተርፏል። ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፣ ድንገት ያገኘም ማሳወቅ አለበት ስለው ፊቱ ጨለመ።

"መጽሐፉ ላይ ግን ማንም አላሳወቀም።"

ሃያ ብሩን ከኪሴ ሰጠሁት። ቆጥሮ ከያዘ በኋላ፣

"ቆራሌው ቤት ሌላ ሁለት አለ" አለ። "ግን ዋጋ ጨምሯል።"

"የስንት ዓመተ ምሕረት ናቸው?"

"ጀርባቸው ተልጧል ጋሼ፣ አይነበብም።"

ጃንጥላዬን አነሳሁና ተከተልኩት።