ቢከን እና ቤከን

ትንሿ እህቴ ለአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ወንድምዓለም፣ ቢከን ማለት ምንድን ነው? ተመሳሳይ ቃሎቹንም ጨምርልኝ። አንተ እኮ ለንደን ነህ፣ ለአንተ ምን አላት!»

ለእሷ ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ያንን ቃል ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ቃሉን ያወቅኩት አሥረኛ ክፍል ሆኜ ነው። ደብተሬ ላይ «መንገድ የሚያሳይ ብርሃን» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ላይትሃውስ፣ ሲግናል፣ ሎድስታር ብዬ ደረደርኩ። ሽምድድ አድርጌ ነው የያዝኳቸው። ሲነገር ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። «ግሬት» (great) እና «ብሬክ» (break) ውስጥ ea «ኤ» ተብሎ እንደሚነበብ ስለማውቅ፣ ይሄንንም (beacon) በራሴ ጊዜ «ቤከን» ብዬ አነበብኩት።

ለንደን ገብቼ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነ። የጽሑፉ ፈተና 50 ጥያቄ አለው፤ 43 ማግኘት ያስፈልጋል። አለፍኩ። አረንጓዴ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የያዘ መኪና ለድንገተኛ ሕመም የተጠራ ሐኪም ያለበት መሆኑን ሁሉ አውቅ ነበር። ከዚያ የመንዳት ትምህርት ጀመርኩ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ እግረኛ ማቋረጫ ስንቃረብ አስተማሪዬ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባውን ምሰሶ አሳየኝ። አናቱ ላይ ብርቱካናማ ክብ መብራት ብልጭ ይላል። «ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ። አንብቤዋለሁ፣ አውቀዋለሁ! ደረቴን ነፍቼ «ቤሊሻ ቤከን» አልኩት።

ሰውየው ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቤከን ቁርስ ላይ የሚበላው የአሳማ ሥጋ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ጾም የማልገድፍ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ያ ሥጋ ቤታችን ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ደነገጥኩ። በዚያች ቅጽበት አንዲት አሮጊት ማቋረጫው ውስጥ ገብተው ነበር፣ አላየኋቸውም። ፍሬኑን የያዘው እሱ ነው። አሮጊቷ ቆመው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይወጣልኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሚስተር ቤከን» ሆነ። በሰዓት 35 ፓውንድ እየከፈልኩ ለሁለት ወር በዚያ ስም ተጠራሁ። ዝም አልኩ። እኛ ሐበሾች ይሄ ችግር አለብን፤ ሲከፋንም ሳይገባንም «የስ፣ የስ» ነው። እነሱ ደግሞ አንድ ነገር ጽፈው ሌላ ያነባሉ፣ የተሳሳተውን እንግዳ ይስቁበታል። በፊደላችን ቢሆን የሣልስና የኃምስ ጉዳይ ነው፤ ቢ እና ቤ። ሰባት ዓመት ልጅ አይሳሳተውም።

በኋላ ቃሉን በደንብ ተከታተልኩት። ቤሊሻ የሰው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የእንግሊዝ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበረው ሌስሊ ሆር ቤሊሻ ነው መብራቶቹን ያስተከለው። ቢከን ራሱ በድሮ እንግሊዝኛ «ምልክት» ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1588 የስፔን መርከቦች እንግሊዝን ሊወሩ ሲመጡ በየኮረብታው አናት እሳት እየለኮሱ ነው ወሬውን ያስተላለፉት። ያ እሳት ቢከን ይባላል። የአደጋ ጊዜ እሳት ነው እንግዲህ፤ የተስፋ ብቻ አይደለም።

እሳቱን በዓይኔ ያየሁት ጁን 2 ቀን 2022 ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዙፋን ላይ 70 ዓመት የሞላቸው ጊዜ በመላ አገሪቱና ከአገር ውጭም ከ1,500 በላይ ቢከን ተለኮሰ። ከሥራ ስመለስ አንዱን ከሩቅ አየሁትና እግሬ ቆመ። ደመራ ነው የመሰለኝ። ንግሥት እሌኒም እኮ እጣን ጨምራ ደመራ አስለኩሳ፣ ጢሱ ነው መስቀሉ ያለበትን ያመለከታት። ቃሉ ለካ ልጅ ሆኜ ችቦ ይዤ የዞርኩት ነገር ውስጥ ነበር! አሥረኛ ክፍል ማንም «ደመራን አስብ» ቢለኝ ደብተር ባላስፈለገኝ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ለእህቴ ይሄን ሁሉ ጻፍኩላት። ላይትሃውስ ባሕር ላይ ላለ መርከብ የሚበራ የመብራት ማማ ነው፤ እኛ ባሕር ስለሌለን የለመድነው ስም የለንም። ሎድስታር የሰሜን ኮከብ ነው፤ «ሎድ» መንገድ ማለት ነበር። ለሰው ሲሆን «ፋና ወጊ» የምንለው ይቀርበዋል።

«ታዲያ አንተ የእኛ ቢከን ነሃ!» አለችኝ።

ይሄ አስጨነቀኝ። ስንት ልጅ ውጭ አገር ያለነውን የእኛን ፎቶ አይቶ ነው ለስደት የሚነሳው። ላይትሃውስ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ላይ ነው የሚሠራው፤ መርከቡን «ወደዚህ አትጠጋ» ይለዋል። እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ፣ ስሜን ተቀምቼ ያለፍኩትን ፎቶው አይናገርም። መምጣት የምትፈልጉ ልጆች፣ አትምጡ አልልም። ግን የቃል ዝርዝር ሸምድዳችሁ ብቻ አትምጡ። ቃሉን ስሙት፣ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ የት ቦታ እንደሚቆም እወቁ። ሰው ስማችሁን ሲቀይር ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «ስሜ ይሄ አይደለም» በሉ። እኔ ያንን ባለማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትናንት እህቴ በድምፅ ሦስት ጊዜ «ቢከን» ብላ ላከችልኝ። ሁለተኛው ትንሽ ወደ ቤከን ያደላል። ደግመሽ ላኪልኝ አልኳት።