የቤት ውስጥ ኬሚስትሪ፦ ከአሲዱ በፊት በረኪናውን ይፍሩ

አሲድን የማይፈራ ተማሪ የለም፤ በረኪናን ግን ብዙዎች ይንቁታል። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን ይወጣዋል፤ ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ። ስለዚህ የሙከራ ዕቃ በበረኪና አይታጠብ።

ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ የዋህ ይመስላሉ። ሆኖም 5 ግራም ሶዳ ከ80 ሚሊ ሊትር አቼቶ ጋር 1.4 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ይህ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከታፈነ ግፊቱ ክዳኑን ያስፈነጥራል፤ ጠርሙሱ ብርጭቆ ከሆነማ ስብርባሪው ነው የሚበተነው። ዕቃው ክፍት ይሁን።

በሙከራ ጊዜ መነጽር ይደረግ ስንል የማንበቢያውን አይደለም፤ ዙሪያውን ገጥሞ ዓይንን የሚሸፍነውን ነው። ጠብታ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ቆዳ ላይ የፈሰሰ አሲድን በቤዝ (የአሲድን ኃይል በሚያጠፋ ውህድ) ላጥፋው ማለት አያዋጣም፦ ምላሹ ሙቀት ስለሚያመነጭ ቃጠሎውን ያባብሰዋል።