ገና ከነኮባው

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ጾሙን ለጾማችሁ እንኳን ለፍስኩ አበቃችሁ። ላልጾማችሁም እንኳን ለዶሮው አደረሳችሁ። ማንም አይቀርም።

ይህን የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ዶርም ውስጥ፣ ላይኛው አልጋ ላይ ሆኜ። ከታች ሦስት ሴቶች በአንድ ቢላዋ እየተጨቃጨቁ ነው፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። ሌላ ጊዜ በዓል ሲመጣ የአደይ ወይ የሻማ ፎቶ ለጥፌ «መልካም በዓል» ብዬ ነበር የማልፈው። ዘንድሮ ግን አራተኛ ዓመቴ ነው፣ እዚህ የማሳልፈው የመጨረሻ ገና፣ ስለዚህ ትንሽ ላውራ። ረዘመብን የምትሉ ወጣችሁን እያማሰላችሁ አንብቡ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፣ ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት። ፋብሪካው እዚያ የተተከለው ለቀልድ አይደለም። በታኅሣሥ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተበተነ ይመስላል። ገና ለእኔ መጀመሪያ ብርድ ነው። ቀጥሎ የዳቦ ሽታ። ቀጥሎ ከማኅሌት መልስ እሳት ዳር የሚሞቀው የእናቴ እግር።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ የወጣ ቀን ስልኩ ላይ ያፈጠጠው ወንድሜ ነበር። የሞላሁት አንደኛ ምርጫ ሌላ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ አሁን ምን ያደርጋል። «ሐዋሳ» አለ። አባቴ «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አለ። እናቴ ምንም አላለችም። ማታውኑ ግን ጋቢ ማጠብ ጀመረች፣ ይሄ በእናቴ ቋንቋ ልቅሶ ነው።

ጋቢውን፣ አንድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሹራብ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ይዤ ወረድኩ። ቃሉ ራሱ መውረድ ነው። ከሞጆ ወዲያ ሙቀቱ ሲጀምር አንዱን ሹራብ አወለቅሁ፣ መቂ ላይ ሁለተኛውን፣ ባቱ ስንደርስ የማወልቀው አልቆብኝ ነበር፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጭኔ ላይ የተቆለለውን አይተው «ልጄ፣ ልብስ ትነግጃለሽ እንዴ?» አሉኝ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ከእኛ ቤት ጀምራችሁ ከቆጠራችሁ 400 ያልፋል። በዚያ መንገድ ግን 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርጄ ነበር፣ ሰውነቴ የቆጠረው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ወር የፍሬሽ ወር ነው፣ ብዙ አልልም። መናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ብዙ ዞርን። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ያንኑ መንገድ በእግሬ ስሄደው ብቻዬን ሳቅሁ። ሱቅ ገብቼ ባለሱቁን «አንቱ» ስል ሰውየው ደነገጡ፣ «ይሄን ያህል አርጅቻለሁ?» አሉኝ። ማታ አጎበር ውስጥ ተኝቼ ትንኟ ውጭ ናት ወይስ ውስጥ እያልኩ አዳምጥ ነበር። ጋቢው ለትራስ ሆነ። ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ ቡና ሲፈላ የሚነጠፍ ምንጣፍ ነው። እናቴ ይህን እንዳታነቢ።

አሞራ ገደል ደግሞ አለ፣ ዓሣ ገበያው። አባ ኮዳን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ላላያችሁት፣ የልጅ ቁመት ያለው አሞራ ነው። መላጣ። አንገቱ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎበታል። ክንፉን አጥፎ ሲቆም ጥቁር ካፖርት ለብሶ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ጡረተኛ ይመስላል። ዓሣ የሚዘለዝሉት ልጆች ትርፍራፊ ሲወረውሩ ጡረተኞቹ በአንዴ ይጋፋሉ፣ እኔም ጮኼ ከሰው ጀርባ ተደበቅሁ። አጠገባችን ሰዎች ጥሬ ዓሣ በዳጣ እየበሉ ነበር፣ ዞር ብለው ያዩት አባ ኮዳን ሳይሆን እኔን ነው። (በገና ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ ከተማ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይነሳል። የእናቴን አቋም ስለማውቅ ድምፄን አልሰጥም።)

የመጀመሪያው ገና ግን አያስቅም። የግቢው ካፌ ሥጋ ወጥ ነበር፣ ሰልፉ ደግሞ ረጅም፣ ልጆች ትሪያቸውን እየደበደቡ ይዘፍኑ ነበር። እኔ መሃል ላይ ከሰልፉ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ፍቅር ሐይቅ ሄጄ በሻይና ብስኩት ጾሜን ፈታሁ። ፀሐዩ ይሞቃል፣ ሰው በካናቴራ ይሄዳል፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ ይዘፍናል። እንዲህ ያለ ገና አላውቅም፣ የሌላ ሰው በዓል መሃል የገባሁ መሰለኝ። ስልክ ተደወለ። «ዶሮ በላሽ?» አለች እናቴ። «በላሁ።» «ስንት ብልት ደረሰሽ?» «ሁለት።» ከኋላ የወንድሜ ሳቅ ይሰማኛል። አሥራ ሁለት ብልት ተቆጥሮ ሲወጣ፣ የእኔ ፈረሰኛ ለማን እንደደረሰ ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። ክረምት ቤት ስገባ ነው የነገረችኝ። «ዶሮ የበላ ሰው እንደዚያ አያወራም፣ ዝም ያልኩሽ በዓልሽን እንዳላበላሽ ብዬ ነው» አለችኝ።

የሰው ሀገር የሚባለው የገባኝ ያን ቀን ነው። መቼ እንደለቀቀኝ ደግሞ በደንብ አውቃለሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ከአለታ ወንዶ የመጣች ልጅ የዶርም ጓደኛዬ ሆነች። ዝምተኛ ናት፣ ቸካይ ናት፣ ሎከሯ እንደ ፋርማሲ የተደረደረ ነው። ፊቼ ጨምበላላ ሲቃረብ «ቤት እንሂድ» አለችኝ። ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም የመዘገበው። ከተማ ውስጥ ጉዱማሌ በሚባለው አደባባይ ሲከበር አይቼ ነበር፣ ሕዝቡ ቄጣላውን፣ የጋራ ጭፈራውን፣ ሲጨፍር መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ነው። መቼ ነው ስላት «አያንቶዎቹ ይናገራሉ» አለች። ሰማዩን፣ ጨረቃና ከዋክብቱን አይተው ቀኑን የሚቆርጡ ሽማግሌዎች ናቸው። የእኛ ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ፋሲካን ሲያወጡ ትዝ አለኝና እንግድነቱ ትንሽ ቀለለኝ።

አለታ የደረስነው የፊቼ ዕለት ከሰዓት ነው። ከቤታቸው ጓሮ ግድግዳ የሚያህል አረንጓዴ ቆሟል። «ኮባ!» ብዬ ጮህኩ። የዘመድ ቤት ያገኘሁ ያህል ነው የጮህኩት። እናትየው ሳቁ። «ወሴ» አሉ። ኮባው፣ እንሰቱ ማለት ነው፣ በእነሱ ቋንቋ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኮባ እኛ ቤት ምንድነው? ለበዓል ሰሞን ገበያ የሚገዛ ቅጠል ነው። እናቴ እሳት ላይ ለብ አድርጋ ታለዝበዋለች፣ ምጣዱ ላይ ታነጥፈዋለች፣ ሊጡን ታፈስበትና በላዩ ላይ ታጥፈዋለች። ዳቦው ሲወጣ ኮባው ተልጦ ይጣላል። ልጅ ሆነን የተቃጠለውን ቅጠል እየላጥን ከጀርባው የተጣበቀውን ዳቦ እንለቅም ነበር፣ ያ ነው ከኮባ ጋር ያለን ዝምድና። የዳቦ ልብስ። እዚህ ደግሞ ቅጠሉ ሳይሆን ግንዱ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል፣ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እሱን ነው። እኛ የምንጥለው ነገር ባለቤት ራሱ እንጀራ ነው። ሃያ ዓመት ልሞላ ስል ነው ይህን ያወቅሁት፣ እንሰት ሚሊዮኖች እንደሚመግብ ደግሞ ለፈተና ሸምድጄ ጽፌው አውቃለሁ።

እናትየው ዋሳውን (እኛ ቆጮ የምንለውን) ከቅጠል ፈቱ። ሽታው የሰነበተ እርሾ ነው፣ አፍንጫ ይነካል። ጨመቁት። ከዚያ ቢላዋ አንስተው በጣም አድቅቀው ከተፉት፣ ጭረቱ እንዲበጣጠስ ነው። ምጣድ ላይ አመሱት። ቅቤ ቀለጠ፣ ምን ያህል ቅቤ እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቡሪሳሜ ይባላል። ሻፌታ በሚሉት ትልቅ የሸክላ ገበታ ቀረበ፣ ወተት ጎኑ፣ ጎረቤት ገባ፣ ልጆች ገቡ፣ ሁላችንም ከአንዱ በላን። በማግስቱ ጨምበላላ ነው፣ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ። ልክ የእኛ አበባየሆሽ። ያን ቀን ከብት አይታረድም፣ ዛፍም አይቆረጥም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር! እኛ ጋ እርድ የሌለበት አውዳመት አውዳመት ነው? ጓደኛዬን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ሦስተኛው ላይ «ሥጋ አምሮሽ ነው?» አለችኝ።

ከእናትየው ጋር የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። የተማርኩት ሁለት ቃል ነው። ኬሬ፣ ሰላም። ዳንቻ፣ ጥሩ። በሁለት ቃል ሁለት ቀን ኖርኩ። ቋንቋው ሲዳሙ አፎ ይባላል፣ አፎ አፍ ነው፣ አያቴም ቋንቋን «አፍ» ነው የምትለው። ስመለስ አንድ ቁራጭ ዋሳ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝና ሐዋሳ እስክገባ ባጃጁ ሳይቀር በእርሾ ሸተተ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ትልቅ ነገር አይደለም። ከተማዋ ያው ናት። ግን በመንገድ ኮባ ባየሁ ቁጥር ሁለት እናቶች ይመጡብኛል፣ አንዷ ስትልጥ፣ አንዷ ስትከትፍ። ቀጣዩን ገና ከሰልፉ አልወጣሁም። ትሪዬንም ደበደብኩ።

ዘንድሮ ለገቡ ፍሬሾች አንድ ነገር ልበል፣ ምክር አይደለም። ስልክ ላይ የምትዋሹትን እነሱ ያውቁታል። ቢያንስ የምትዋሹትን ዶሮ ብልት በልኩ አድርጉት፣ ሁለት ብልት ለአንድ ተማሪ ማንም አያምንም። እና ፋይናል ቢኖርም ነገ አትቸክሉ፣ ደብተሩ የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ቢላዋው። ትናንት ከሰፈራችን የመጣ ሰው በአውቶቡስ ዕቃ አደረሰልኝ። ድፎ ዳቦ። እናቴ ከነኮባው በጋዜጣ፣ በፌስታል፣ ከዚያ በፎጣ ጠቅልላዋለች። ክሩን ስፈታው ክፍሉ ሁሉ እኛ ቤት ሆነ። የአለታዋ ልጅ ከአልጋዋ ወረደች፣ ዳቦውን አላየችውም፣ የጠቆረውን ቅጠል ላጥ አድርጋ አሸተተችው። «እናትሽ ወሴ ልካልኛለች» አለች።

ጭቅጭቁ አሁን ዳቦውን ማን ይቁረስ ነው። የወላይታዋ ልጅ ትልቋ እኔ ነኝ ትላለች፣ ዶርሙን በዕድሜ የምትመራው እውነትም እሷ ናት። የጅማዋ ቡናውን እየቆላች ነው፣ እሷ ሙስሊም ናት፣ ግን የገና ቡና በእሷ እጅ ካልሆነ አንጠጣም ብለን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ወስነናል። ቡናው የአለታ ነው። የጅማ ቡና ይበልጣል የሲዳማ የሚለው ሙግት ደግሞ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ፣ ዛሬም አያልቅም። (ፕሮክተሯ ይህን ካነበበች ቡናው የሚፈላው ከግቢ ውጭ ነው።)

የአለታዋ ልጅ ቢላዋውን ነጥቃለች። እየቆረሰች አይደለም። ኮባውን ከዳቦው ጀርባ እየፋቀች ነው፣ የተጣበቀውን ፍርፋሪ እየለቀመች።

ሳያልቅ ልውረድ። መልካም ገና!