«ዝክሯን ሳትቀምሺ አትወጪም»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ያን ማታ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኮራምቼ «ከዚህ ካወጣሽኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ለእመቤቴ ተስዬ ነበር። ብዙ ዓመት አዘገየሁት። ይቅር ትበለኝና ዛሬ ልናገር።

የምንኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ነው። የገና ጾም ላይ ነን፣ ቀኑ ደግሞ የወሩ ኪዳነ ምሕረት። እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር ከጠዋት ጀምራ ድፎ ስትደፋ ዋለች፤ ኮባ ስላጣች በፎይል።

ሙቀቱ የታኅሣሥ አይመስልም ነበር። ስልኬ ላይ የቶርኔዶ፣ የዚያ እየተሽከረከረ የሚመጣ አውሎ ነፋስ፣ «ዋች» መጣ፣ አየሁትና ዘጋሁት። ቴክሳስ የሚኖር ያውቀዋል፣ ይለመዳል። «ዋች» ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፣ «ዋርኒንግ» ግን መጥቷል፣ አሁኑኑ ተሸሸጉ ነው።

የማታ ሥራ ነበረኝ። መንገዴ አይ-30 ከጆርጅ ቡሽ አውራ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፌን ይዤ በሩ ጋ ደረስኩ።

«ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት ልጄ። ዝክሯን ሳትቀምሺ አትወጪም።»

«እማዬ ረፈደብኝ!»

«ይርፈድ።»

አቡነ ዘበሰማያት ደገመች፣ እሱንም ቀስ ብላ። ከዚያ ዳቦውን ባረከችና መቁረስ ጀመረች። እኔ በውስጤ እየተናደድኩ እግሬን እያወዛወዝኩ ነው። ቁራሹን ስጎርስ ሳይረኑ ጮኸ፣ ስልኬም አብሮ ጮኸ። ዋርኒንግ።

መጀመሪያ የመጣልኝ እናቴን መኪና ውስጥ አስገብቼ ማምለጥ ነበር። ይህን የምናገረው ዛሬም ብዙ ወገኖቼ እንዲሁ ስለሚያስቡ ነው። «እግዚአብሔር ሆይ ምን ላድርግ» እንዳልኩ በሩ ተንኳኳ። ምድር ቤት የምትኖረው አሜሪካዊት አሮጊት ናት። «ፎቅ ላይ ምን ትሠራላችሁ? ወደ እኔ ውረዱ! መኪና እንዳትነኩ!»

መታጠቢያ ቤቷ መሃል ላይ ነው፣ መስኮት የለውም። እኔና እናቴን ገንዳው ውስጥ አስገባችን፣ የልጅ ልጇን የብስክሌት ሄልሜት በእናቴ ነጠላ ላይ አጠለቀችላት፤ እናቴ ባዶ እግሯን መሆኗን ስታይ የራሷን ጫማ አምጥታ አጫማቻት፣ ኋላ ስንወጣ መስታወት እንዳይቆርጣት። ከዚያ ከጎናችን ገብታ ፍራሹን በላያችን ሳበችው።

መብራት ጠፋ። ጆሮዬ አውሮፕላን ላይ እንደሚሆነው ድፍን አለ። ድምፁን እናቴ እስካሁን «ወፍጮ ቤት» ነው የምትለው፣ ግን ወፍጮው አናታችን ላይ ነበር። እሷ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ትላለች፣ ጎረቤታችን «ጂሰስ፣ ጂሰስ» ትላለች፣ እኔ «ኪዳንሽን አስቢ» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ። ስለቴንም ያን ጊዜ ነው የተሳልኩት።

ስንወጣ የእኛ ፎቅ ጣሪያው ግማሹ የለም። አልጋዬ በስባሪ መስታወት ተሸፍኗል። ውጭው ጋዝና አዲስ የተሰነጠቀ እንጨት ይሸታል።

የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 180 ማይል፣ 290 ኪሎ ሜትር ያህል እንደነበር በኋላ ሰማን። ጋርላንድና ሮውሌት ላይ 10 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ እዚያው እኔ በማልፍበት መገናኛ ላይ፣ ሩብ ጉዳይ ለአንድ አካባቢ። እናቴ ዳቦውን ቶሎ ቆርሳ ቢሆን ኖሮ እዚያ ነበርኩ። እነሱ ስላልጸለዩ ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ለእነሱም የሚጸልይ እናት ነበራቸው። እኔ ለምን እንደተረፍኩ አላውቅም፣ የተደረገልኝን ብቻ ነው የምናገረው።

«ጸሎቴ ይበቃኛል» እያላችሁ ሳይረን ሲጮህ በረንዳ ላይ ቆማችሁ ቪዲዮ የምትቀርጹ፣ እባካችሁ። የእኔ ጸሎት የተመለሰው በዚያች አሮጊት ማንኳኳት ነው። ውረዱ፣ ከመስኮት ራቁ። መንገድ ላይ ከሆናችሁም ድልድይ ሥር አትጠለሉ፣ ነፋሱ እዚያ ይብሳል።

ያን ማታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን እናቴ ነጠላዋን ፈታች። ለካ የተረፈውን ዳቦ ቋጥራ ይዛው ወርዳለች። ለጎረቤታችን ቆርሳ ሰጠቻት። እሷም በልታ «ይሄ ምን ይባላል?» አለች። እንግሊዝኛ የማታውቀው እናቴ ምን እንደተጠየቀች ገምታ «ኪዳነ ምሕረት» አለቻት። እስከ ዛሬ በ16 ዳቦ ስወስድላት «ኪዳነ ምሕረት መጣች» ብላ ነው የምትቀበለኝ።