ወጨጫ ላይ የተላቀቀው ሶል

የጫማዬ ሶል የተላቀቀው በጣም በማይመች ቦታ ነበር። ወጨጫ ተራራ ላይ ጫፉ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር የእግር መንገዱ ያልቅና ቋጥኝ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ መራመድ የለም፣ በእጅም በእግርም እየቧጠጡ መውጣት ነው። በአንድ በኩል የሱባ ጫካ የጽድ አናት ከሩቅ ቁልቁል ይታያል፣ በሌላው በኩል ሣር የለበሰ ገደል አለ። ሁለቱም እጆቼ ድንጋይ ይዘዋል። ቀኝ እግሬን ሁለት ጣት በምታህል ጠርዝ ላይ አሳርፌ ክብደቴን ስጥልበት፣ እግሬ ጫማው ውስጥ እያለ ከታች የሆነ ነገር ሸርተት አለ። ሳየው ሶሉ ከፊት እስከ መሀል ተገንጥሎ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ድንጋዩ ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ፈሷል።

እዚያው ቆምኩ። ከሥሬ የነበረችው የአክስቴ ልጅ «ምን ሆንክ?» ስትለኝ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚመታው።

ከአዲስ አበባ የወጣነው በጠዋት ነው። ከአየር ጤና በሚኒባስ ሰበታ፣ ከሰበታ ደግሞ ወደ ሱባ በሚወስደው አቧራማ መንገድ። ወጨጫ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው፣ ከፍታው 3,385 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦም ይበልጣል። ከሥሩ ያለው ጫካ በራሱ ቢሄዱበት የማይሰለች ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል። ጽዱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ጫካ ችግኝ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከፍ ሲሉ ትልልቁ ዛፍ ይቀርና አስታ ይጀምራል፣ ከአስታው በላይ ድንጋይ። ጊዜው ጥቅምት ስለነበር ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሁሉም ነገር ተሟልቶልኛል ብዬ ነበር የወጣሁት፣ በተለይ ጫማው።

ጫማውን መርካቶ ከቦንዳ ጫማ ሻጭ በ1,800 ብር ነው የገዛሁት። ወፍራም ቆዳ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር፣ ከባድ ቦት። ያልተለበሰ ነው ማለት ይቻላል፣ የሶሉ ጥርስ ምንም አልተበላም። ያንን አይቼ ነው የተደሰትኩት። ያታለለኝም ያው ነው።

ያዳነን እንጨት ሊቆርጡ የወጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቋጥኙን እንደ ምንም ቁልቁል ተቧጥጬ አስታው ጋ ስደርስ አገኘናቸው። «አካም ጂርቱ» አልናቸው፣ እሳቸው ግን እኔን ሳይሆን ጫማዬን ነበር የሚያዩት። «ና ተቀመጥ ልጄ» አሉኝና እንጨት ከሚያስሩበት ገመድ ቆርጠው ሶሉን ከጫማው ጋር ሦስት ቦታ ጠፈሩት፣ አንዱን ጣቶቼ ላይ፣ አንዱን መሀል እግሬ ላይ፣ አንዱን በተረከዝ ዞሮ ቁርጭምጭሚቴ ላይ። እሳቸው ኮንጎ ጫማ ነው ያደረጉት። እንዴት በዚህ ድንጋይ ላይ እንደሚሄዱበት ብጠይቃቸው «ሲደርቅ ነው እንጂ ሲዘንብማ አውልቄ በእጄ ነው የምይዘው» አሉ። በዚያ ገመድ ሰበታ ገባሁ።

ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ማስቲሽ ቀብቶ ለጥፎ ሰጠኝ፣ በሁለተኛው ቀን ተላቀቀ። ሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ራሱ በጥፍሩ ሶሉና ቆዳው መሀል ያለውን ስፖንጅ ጫን አለውና እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። «ይሄ ማስቲሽ የሚይዘው ነገር የለውም፣ ስፖንጁ ሞቷል» አለኝ። ልክ ነው። ብዙ ከባድ የተራራ ቦቶች ላይ ከጎማው በላይ ያለው ስፖንጅ ከፖሊዩረቴን የሚሠራ ነው። ይሄ ነገር ሲመቹት ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ግን በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ከውስጥ ይበትነዋል። ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መፈርፈር ሊጀምር ይችላል። የከፋው ነገር መለበስ አለመለበሱ አያድነውም። እንዲያውም ካርቶን ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ ጫማ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ቦንዳ ላይ «አዲስ ነው፣ አልተለበሰም» ሲባል ለተራራ ጫማ ጥሩ ዜና ላይሆን ይችላል። ስንት ዓመት መጋዘን ተቀመጠ? ጥያቄው እሱ ነው።

አሁን ቦንዳ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ምላሱ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ነው። ብዙ ጫማዎች ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ስፖንጁን በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫን እለዋለሁ። ተመልሶ ከተነሣ ደህና ነው። ጠባሳው ከቀረ፣ ወይ ከተጣበቀብኝ፣ ወይ ጫማውን ሳጥፈው ቀጫጭን ስንጥቅ ከታየ፣ ነጋዴው በነጻ ቢሰጠኝም አልወስደውም።

ግን እውነቱን ለመናገር ያ ቦት ባይላቀቅም ለወጨጫ ቋጥኝ አይሆንም ነበር። ይሄ የገባኝ ኋላ ነው። ሁላችንም ተራራ ሲባል ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ከባድ፣ ወፍራም ጫማ ነው የሚታየን። ሻንጣ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ኮረት ላይ ለሚሄድ ሰው እሱ ጥሩ ነው። ቧጥጦ የሚወጣ ሰው ግን እግሩ የቆመበትን ማወቅ አለበት። በዚያ ቦት ጠርዙ ይኑር አይኑር አይሰማኝም ነበር። ቁርጭምጭሚቴም ተጠፍሮ ስለተያዘ ተዳፋት ድንጋይ ላይ ሙሉ ሶሉን ማሳረፍ አልችልም፣ በጠርዙ ብቻ ነው የምቆመው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሩጫ ስኒከር ነበር ያደረገችው። ተዳፋቱ ላይ ከእኔ በጣም ትሻል ነበር፣ ትንንሽ ጠርዝ ላይ ስትቆም ግን ስኒከሩ ለስላሳ ስለሆነ መሀሉ ላይ ይታጠፍና ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ባቷ በጣም ደከመ።

ስለዚህ የሚፈለገው የሁለቱ መሀል ነው። ቁመቱ አጭር፣ ፊቱ ደንደን ያለ፣ ጎማው ለስላሳና የሚይዝ። ጫማው አፍንጫ ሥር ጥርስ የሌለው ልሙጥ ቦታ ያለው ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ልሙጡ ጎማ ሙሉ ለሙሉ ድንጋዩን ስለሚነካ ነው የሚይዘው። ክሩም እስከ ጣቶቹ ድረስ ወርዶ የሚታሰር መሆን አለበት። እግር ጫማው ውስጥ ከተንሸራተተ የጎማው ጥራት ምንም አይጠቅምም።

እንዲህ ያለ ጫማ ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ መርካቶ ተመላለስኩ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የምሄደው፣ እግር በዚያ ሰዓት ትንሽ ያብጣል፣ ተራራ ላይ እንደሚያብጠው። የተራራ ካልሲዬን ይዤ። በመጨረሻ አንድ ግራጫ ጫማ አገኘሁ፣ ከሥሩ ቢጫዋ የሶል ሠሪው የቪብራም ምልክት ያለችበት። (ስሙ የመጣው ከጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ጓዶቹ አልፕስ ላይ ሞቱበት፣ ጫማቸው ለዚያ በረዶ የሚሆን አልነበረም። በ1937 ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ይዞ መጣ። ያቺን ቢጫ ምልክት ባየሁ ቁጥር ስድስቱ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።) ስፖንጁን በጥፍሬ ጫን አልኩት፣ ተመለሰ። ከዚያ ሱቁ በር ላይ ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቼ ብቻ ቆምኩ፣ ተረከዜ አየር ላይ ሆኖ። ሃያ ቆጠርኩ። አልታጠፈም። ዞሬ ደግሞ ቁልቁለት እንደምወርድ ጫማውን ወደ ፊት መታ መታ አደረግኩ፣ ጣቶቼ ፊቱን አልነኩም። ጣት ፊቱን የሚነካ ጫማ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ያጠቁራል። ባለሱቁ ታግሦ ያየኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልትፈትነው?» አለኝ። ሁለቱንም አልኩት።

በሚያዝያ ተመለስን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጫካው ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል፣ እኛም ድንጋዩ እስኪደርቅ አስታው ጋ ቁጭ ብለን ቆሎ በላን። ይሄን ማንም እንዳይዘልለው። አረንጓዴ ነገር የበቀለበት እርጥብ ድንጋይ ላይ ምንም ጎማ አይይዝም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ደረሰበት። ያቺን ጠርዝ አውቃታለሁ። ቢጫው ዱቄት ታጥቦ ጠፍቷል። ቀኝ እግሬን አሳረፍኩ፣ ልሙጡ አፍንጫ ድንጋዩ ላይ ተለጠፈ፣ ጠርዙን በጎማው ውስጥ በትልቁ ጣቴ ሥር ለይቼ አወቅኩት። ተነሣሁ። አለቀ። ሌላው ሁሉ እንደዚያ እየሆነ ጫፉ ላይ ወጣን።

ስንወርድ ሽማግሌውን አገኘናቸው። አስታወሱኝ፣ ገመዳቸውንም አስታወሱ፣ አዲስ ገመድ ይዤላቸው ስለነበር ሰጠኋቸው። ጎንበስ ብለው የጫማዬን አፍንጫ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። «ለድንጋይ ጥሩ ነው» አሉ፣ ከዚያ ሥሩን ገልብጠው አዩና «ለጭቃ ግን ጥርሱ አጭር ነው፣ በግራ በኩል ባለው ሣር ውረዱ።»

በመንገዱ ነው የወረድነው። ጫካው ውስጥ እስክንጨርስ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ።