መጀመሪያ ወረቀት ላይ

ዛሬ ጠዋት ኤአዩን (ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን) «ስለ ጤፍ ጥናት ሥራልኝ» ብዬ ለቀቅኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ ረጅም ሪፖርት አመጣ። ብረት አለው፣ ግሉተን የለውም፣ እንጀራ ይጋገርበታል... ይሄንንማ እናቴም ትነግረኝ ነበር!

ጥፋቱ የኔው ነው። ቡናዬን ይዤ እስክሪብቶ አነሳሁ። የምፈልገው ምንድን ነው? የኔዘርላንዱ የጤፍ ፓተንት፣ ማለትም አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያስመዘገበው የፈጠራ ባለቤትነት መብት። ምኑ? የፍርድ ቤት ክርክሩ። ከየት? ከውሳኔው እንጂ ከብሎግ አይደለም። በስንት ገጽ? በሁለት። የማልፈልገውንም ጻፍኩ፤ ስለ እንጀራ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! (ይቺ ሳትጠቅም አልቀረችም።)

ሁለተኛው ሙከራ ቀጥታ ነጥቡ ላይ ገባ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ነው። ውሳኔውን ራሱን ከፍቼ አመሳከርኩ። አንዱን ቀን አሳስቶ ጽፎልኝ ነበር፤ አረምኩት።