«ሳትቀበሉት የቀረ ሥራ አለ?» ሥራ አጥነትን ከትናንሽ ድርጅቶች ጀምረን የቀነስንበት መንገድ

የሥራ ስምሪት አስተባባሪ ሆኜ የተመደብኩት ኢኮኖሚው የተዳከመ አካባቢ ነበር። ብዙውን ሰው የሚያሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል። ወጣቱ ይሰደዳል፤ የቀረው ደግሞ ይጠብቃል። ኃላፊነቱን ስረከብ ከላይም ከታችም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ትልቁ ኢንቨስተር መቼ ነው የሚመጣው?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ኤንሪኮ ሞሬቲ በ2010 ባሳተመው ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ከተሞችን መረጃ ተንትኗል። በአምራች ዘርፍ አንድ ሥራ ሲጨመር፣ በዚያው ከተማ ፀጉር ቤትና ትራንስፖርትን በመሳሰሉ የአገልግሎት ሥራዎች ላይ 1.6 ያህል ተጨማሪ የሥራ ቦታ ይከተላል ይላል። ታዲያ ፋብሪካ ማን ይጠላል? ችግሩ ያንኑ አንድ ኢንቨስተር የሚለማመጠው አካባቢ መብዛቱ ነው። ሁሉም መሬት ይሰጣል፤ ሁሉም የግብር እፎይታ ይሰጣል። እኛም በሩ ላይ ቆመን ከጠበቅን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው የተለመደ መልስ ሥልጠና ነው። እሱን በጥርጣሬ ነው ያየሁት፤ ምክንያትም ነበረኝ። በፈረንሳይ ሥራ ላጡ የተማሩ ወጣቶች ልዩ የሥራ ፍለጋ ድጋፍ ተሰጥቶ ውጤቱ በጥንቃቄ ተለክቶ ነበር። ጥናቱ በ2013 ታትሟል። የተደገፉት ወጣቶች ቶሎ ሥራ አገኙ። ነገር ግን ከጥቅሙ ከፊሉ የመጣው ካልተደገፉት ወጣቶች ተነጥቆ ነው። ይህ ደግሞ የባሰው የሥራ ገበያው በቀዘቀዘበት ቦታ ነበር። በእኛ ቋንቋ፣ ወረፋው ላይ ሰው አሸጋሸግን እንጂ ወረፋውን አላሳጠርንም ማለት ነው። የሥራ ቦታ በሌለበት ሲቪ ማሳመር ብቻውን የትም አያደርስም።

ስለዚህ ቡድናችንን ወደ ቀጣሪዎች አዞርኩት። ያውም ወደ ትናንሾቹ። የብየዳ ቤት፣ የእንጨት ሥራ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ጥቂት ሰው ያላቸው የግንባታ ተቋራጮች። መጀመሪያ «ስንት ሰው መቅጠር ትፈልጋላችሁ?» ብለን ነበር። መልሱ ሁሌም ያው ነው፤ «ለጊዜው አንፈልግም»። ጥያቄውን ቀየርነው። «በቅርቡ ሳትቀበሉት የቀረ ሥራ አለ? ለምን?»

ያኔ ወሬው ፈሰሰ።

አንድ የብረታ ብረት ሥራ ባለቤት ጥሩ ትእዛዝ መመለሳቸውን ነገሩኝ። የቴክኒክ ሥዕል አንብቦ ማሽኑን የሚያስተካክለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጡረታ ሊወጣ ነው። «እኔ ሰው ነው ያጣሁት እንጂ ሥራ አላጣሁም» አሉ። እሱ ሳይወጣ ሁለት ልጆች አጠገቡ አስቀመጥን። የጀርመን የሙያ ሥልጠና የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ሠልጣኙ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈራረማል፣ እንደ ሙያው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ድረስ እየተከፈለው እየሠራ ይማራል፣ ለንድፈ ሐሳቡ ትምህርት ቤት ይገባል። ሥልጠና እንዲህ ሲሆን አልጠራጠርም። መጨረሻው ላይ የሥራ ቦታው ይታወቃላ!

የመንከባከቢያው ችግር ሌላ ነበር። ፈረቃው የሚጀምረው የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመድረሱ በፊት ነው። ሰው አለ፣ ሥራም አለ፤ መሐል ላይ መንገድ አለ። አውቶቡሱን የሚያሰማራውን ክፍልና የመንከባከቢያውን ኃላፊ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው። ግማሹ በፈረቃው ተፈታ፣ ግማሹ በአውቶቡሱ። ለዚህ በጀት አላስፈለገም። እልህ ግን ያስፈልጋል።

የተቋራጮቹ እሮሮ የዘገየ ክፍያ ነበር። የመንግሥት ሥራ ሠርተው ገንዘቡ ወራት ይቆያል። ደሞዝ ከኪሱ እየከፈለ የሚጠብቅ ሰው እንዴት ብሎ አዲስ ሰው ይቀጥራል? የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመደበኛ ሁኔታ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ የደነገገው ያለ ነገር አይደለም። እኛም ይህንኑ ቀን ይዘን ተከራከርን። ለትናንሾቹ ቅድሚያ እንዲከፈል፣ ትልልቅ ጨረታዎችም በየክፍሉ ተከፋፍለው እንዲወጡ ተስማማን። ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ሰው ያስቀጠረው ይህ ይመስለኛል። ማንም ግን «የሥራ ፈጠራ ፕሮግራም» ብሎ አይጠራውም፤ ሪባንም አይቆረጥለትም።

የደሞዝ ድጎማም ሞክረናል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቀጣሪው ያለ ድጎማም ሊቀጥረው የነበረውን ሰው አምጥቶ ገንዘብ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ድጎማውን ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ሥራ ለቆዩ ብቻ አደረግነው፤ በየጊዜው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነባር ሠራተኛ አባርሮ የሚተካ አያገኝም።

ለረጅም ጊዜ ሥራ ያጡት ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ቪየና አጠገብ ያለችው ማሪየንታል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ሲዘጋ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ነዋሪውን አጥንተው ውጤቱን በ1933 አሳተሙ። ሰዎቹ ጊዜ ሞልቷቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ። አካሄዳቸው ሳይቀር ዘገምተኛ ሆነ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሥራ አጡን «ሰነፍ» አይለውም። እኛም አዳራሽ ሰብስበን የማነቃቂያ ንግግር ማሰማቱን ትተን፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚከፈልበት እውነተኛ ሥራ አስጀመርናቸው። ሰዓቱ ቀስ እያለ ይጨምራል። በነገራችን ላይ እዚያው ማሪየንታል በ2020 ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ላጣ ሁሉ የሥራ ዋስትና የሚሰጥ ሙከራ ተጀምሮ ነበር፤ በአካባቢው የረጅም ጊዜ ሥራ አጥነትን በእጅጉ ቀንሶታል።

አዲስ ሥራ መፍጠር ብቻ ሳይሆን ያለውን ማትረፍም አለ። ባለቤቱ አርጅተው ተተኪ ስላጡ ብቻ የሚዘጉ ደህና ድርጅቶች አጋጥመውናል። ጣሊያን በ1985 ባወጣችው፣ የማርኮራ ሕግ ተብሎ በሚታወቀው ሕግ፣ ሠራተኞች በኅብረት ሥራ ተደራጅተው የሚዘጋ ድርጅታቸውን ሲረከቡ የገንዘብ ድጋፍ ያገኛሉ። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖረንም ሐሳቡን ወሰድን። ሠራተኞቹን ከሂሳብ ባለሙያና ከአበዳሪ ጋር አገናኘን። ሁሉም አልተሳካም፤ አንዳንዱ ድርጅት ድሮውንም በባለቤቱ ትውውቅ ነበር የሚኖረው።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ለአለቆቻችሁ ንገሩ። ሥራው መያዝ ሲጀምር የሥራ አጥነት ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። በዓለም ሥራ ድርጅት መለኪያ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና በቅርቡ ሥራ የፈለገ ሰው ነው። ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ያቆመ አይቆጠርም። ጎረቤቱ ሲቀጠር አይቶ እንደገና ሲወጣ ግን ይቆጠራል። እኔም ቁጥሩ ከፍ ባለበት ሰሞን «ምን እየሠራችሁ ነው?» ተብዬ ተጠርቻለሁ። ይዤ የቀረብኩት ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ውስጥ ምን ያህሉ እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን መጠን ነበር። እሱ እየጨመረ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሪፖርታችን መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው ይህ መጠን ነው፤ የሥራ አጡ ቁጥር ከሥሩ ይከተላል።